ድርና ማግ፦ የሸማኔው የክር ምርጫ በታሪክ ዓይን

ስለ አገራችን የእጅ ሽመና የተጻፈው በአብዛኛው ስለ ጥለቱ ውበት ነው። ይሁን እንጂ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መወርወሪያውን ከማንሣቱ አስቀድሞ የሚወስነው ዐቢይ ጉዳይ የክሩ ምርጫ ነው። ክርን በቁጥርና በጥንካሬ መለካት ሙያችን ለሆነው ለእኛ፣ ይህ ምርጫ ያለፈበትን ታሪክ መመርመር ተገቢ ይመስለኛል።

እንደሚታወቀው ድርና ማግ የሚጠየቁት ግዴታ ልዩ ልዩ ነው። ድሩ ተወጥሮ ይውላል፤ በእያንዳንዱም የእግር ርግጫ ይሳባል፣ ይፋተጋል። ስለዚህ ጠንካራ፣ እኩልና ጠበቅ ተደርጎ የተከረረ መሆን አለበት። ማጉ ግን ይህ ሁሉ ጫና የለበትም፤ ላላ ብሎ ቢፈተል ጨርቁን ያለሰልሰዋል፣ ሙቀትም ይሰጠዋል። በአራት ድርብ የሚለበሰው ጋቢና ስሱ ነጠላ የሚለያዩት በሸማኔው እጅ ብቻ ሳይሆን በፈታይዋም ጣት ነው።

በቀድሞው ዘመን ሁለቱም ክሮች ከቤት ይወጡ ነበር። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ አንድ ቦታ ላይ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በዚሁ ናቸው) ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በዓድዋ የሚሸመነው የጥጥ ጨርቅ በትግራይ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር እንደ ነበር መዝግቧል። እንግዲህ የእነዚያ ሴቶች ፈትል የገበያው መገበያያ ጭምር ነበር ማለት ነው።

ቀለም ያለው ክር ግን ሌላ መንገድ ነበረው። የጥንት ተጓዦች እንደ ጻፉት፣ ሸማኔዎች ከባሕር ማዶ የመጣውን ባለቀለም ጨርቅ ክር በክር እየተረተሩ ለጥለት ይጠቀሙበት ነበር። ነጩ መደብ ከአገር ጥጥ፣ ጠርዙ ከሩቅ ንግድ ተገኘ። ሐርም እንዲሁ ነበር፤ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1868 ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገባው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ መጋረጃ የተሸመነው ከውጭ በመጣ ሐር ነው።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በፋብሪካ ክር ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭው ሸቀጥ መንገዱ ቀለለለት። በኋላም በጣልያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ፣ በ1961 ደግሞ በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። ሸማኔው ግን አዲሱን ክር እንዳለ አልተቀበለውም፤ መረጠ እንጂ። የማይበጠሰውን የፋብሪካ ክር ለድር ወሰደ፤ ለማግ ግን የእጅ ፈትልን አስቀረ። ከጨንቻ ደጋ ወጥተው በሽሮ ሜዳ የሰፈሩት የዶርዜ ሸማኔዎችም ይህንኑ ጥምረት ሲሠሩበት ኖረዋል። ይህ ኋላ ቀርነት አይደለም፤ ከመሐንዲስ የማያንስ ፍርድ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ይህን ፍርድ የሚሰጠው ሰው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ መኖሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. (በእኛ አቆጣጠር) የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ስድቡን ቢያወግዝም ንቀቱ ቶሎ አልጠፋም። ንቀቱም ካስከተላቸው ጉዳቶች አንዱ፣ ዕውቀቱ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው።

ዛሬ የጥበብ ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ በገበያ ሞልቷል። ጥለት በቀላሉ ይቀዳል፤ የማግ ልስላሴ ግን አይታተምም። የእጅ ፈትል የሚቀጥለው ፈታይዋ የድካሟን ዋጋ ስታገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ የማኅበራችን አባላት ጨርቅ በሚሰበስቡበትና በሚመዘግቡበት ጊዜ፣ ከጥለቱ ስም ጎን ድሩ ከየት እንደ መጣ፣ ማጉን ማን እንደ ፈተለችው ቢጽፉ ለሙያው ታላቅ ውለታ ይሆናል።