ጥላሸት፣ ሰይፍና ቀጥቃጭ

 

በአቀስታ አካባቢ መድረሳ የቀራን ሁሉ ጥላሸትን እናውቀዋለን። ከምጣድ ስር ፍቀን፣ ከሙጫና ከውሃ ጋር አሽተን፣ በሎሃችን ላይ አሊፍ፣ ባ፣ ታ እንጽፍበት ነበር። ልብሳችን ጠቁሮ ቤት ስንገባ እናቶቻችን ይቆጡናል። ያ ጥቁር ብናኝ አብዛኛው ካርቦን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ከሰልም፣ አልማዝም ከዚሁ ከካርቦን ናቸው፤ የሚለያዩት ቅንጣቶቹ በተደረደሩበት ሁኔታ ነው። የዛሬው ወጋችን ከዚሁ ካርቦን ስለሚበቅል እጅግ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ሊቃውንቱ ናኖቲዩብ ይሉታል። ታሪኩን ስንከተል ግን ወደ ቀጥቃጭ ወናፍ ይወስደናል።

እንደሚታወቀው በሙስሊሙ ዓለም የደማስቆ ሰይፍ ስሙ የገነነ ነበር። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባግዳዱ ሊቅ አል-ኪንዲ ስለ ሰይፍ ዓይነቶች ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል። ለምርጡ ሰይፍ የሚሆነው ዉትዝ የተባለው ብረት ከህንድ ይመጣ ነበር። የህንድ አንጥረኞች ብረቱን ከእንጨትና ከቅጠል ጋር በሸክላ ማቅለጫ አሽገው ያቀልጡታል። ከቅጠሎቹ አንዱ በእኛ ቆላ ጦቢያው ከሚባለው ወተታም ቁጥቋጦ ጋር ይዛመዳል። እንጨቱና ቅጠሉ ካርቦናቸውን ለብረቱ ይሰጣሉ። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ብረት በልክ እየተሞቀ ሲቀጠቀጥ፣ ነፋስ የነካው ውሃ የሚመስል መስመር በፊቱ ላይ ይወጣል።

ይህ ሙያ በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ እንጂ በጽሑፍ አልተላለፈም። በመሆኑም ንግዱ ሲዳከምና የማዕድኑ ምንጭ ሲለወጥ ሙያው አብሮ ጠፋ። እ.ኤ.አ በ1819 ስመ ጥሩው የእንግሊዝ ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ ዉትዝን መርምሮ ነበር፤ ምስጢሩን ግን አላገኘውም። ፋራዳይ ራሱ የቀጥቃጭ ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል።

እ.ኤ.አ በ2006 በጀርመን ድሬስደን በፒተር ፓውፍለር የሚመሩ ተመራማሪዎች በስዊዘርላንድ የበርን ታሪክ ሙዚየም ከሚገኝ ሰይፍ ቁራጭ ወሰዱ። ሰይፉ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሰዱላህ የተባለ አንጥረኛ የሠራው ነው። ቁራጩን በአሲድ አሟሙተው የተረፈውን በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲያዩት የካርቦን ቱቦ አገኙ። ለሰይፉ ጥንካሬ ምክንያቱ ቱቦው ስለመሆኑ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ። አሰዱላህ ቱቦውን አላየውም፤ እሳቱንና መዶሻውን ግን ያውቅ ነበር።

በዘመናዊው ሳይንስም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። እ.ኤ.አ በ1952 ራዱሽኬቪችና ሉክያኖቪች የተባሉ ሁለት የሶቪየት ተመራማሪዎች የእነዚህን ቱቦዎች ፎቶግራፍ አሳትመው ነበር። ጽሑፉ በሩሲያኛ፣ ዘመኑም የቀዝቃዛው ጦርነት በመሆኑ ብዙ ሰው ሳያየው ቀረ። ዓለም ጆሮውን የሰጠው በ1991 ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ ባሳተመው ጥናት ነው። ያልተጻፈ እውቀት እንደሚጠፋ ሁሉ የተጻፈም ካልተዳረሰ ይደበቃል።

ቱቦው እንዴት ይበቅላል? ዛሬ በብዛት የሚሠራበት መንገድ ይህ ነው። የብረት፣ የኒኬል ወይም የኮባልት እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች በምድጃ ውስጥ ይደረጋሉ። በብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀት ላይ እንደ ሚቴን ወይም አሴቲሊን ያለ ካርቦን ያዘለ ጋዝ ይለቀቅባቸዋል። ጋዙ ሲፈርስ ካርቦኑ ወደ ቅንጣቷ ይገባል፤ ስትጠግብም ቡቃያ ከዘር እንደሚወጣ ቱቦ ሆኖ ይወጣል። ግድግዳው እንደ ማር ሰፈፍ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው። ባለ አንድ ግድግዳው በጣም ከመቅጠኑ የተነሳ በአስር ሺዎች ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንድ ፀጉር ውፍረት ቢሆኑ ነው።

አንዱ ቱቦ ለብቻው ሲሳብ ከብረት በብዙ እጥፍ ይጠነክራል። ብዙዎቹ በአንድ ላይ ሲገመዱ ግን እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ ጥንካሬው በጣም ይቀንሳል፤ ተመራማሪዎችን ያስቸገረውም ይኸው ነው። ዛሬ ዋናው አገልግሎቱ በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ነው፤ በጥቂቱ ሲጨመር ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል። ፕላስቲክንና ጎማንም ያጠነክራል። ጉዳትም አለው። እ.ኤ.አ በ2008 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ረጅምና ደረቅ የሆኑት ቱቦዎች እንደ አስቤስቶስ አካልን ሊያስቆጡ እንደሚችሉ አሳይቷል። ስለዚህ ሠራተኛው ብናኙን እንዳይተነፍሰው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ውድ ወገኖቻችን፣ እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ። በእኛው ደቡብ ወሎ መቅደላ አምባ ላይ ሴባስቶፖል የተባለው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ አለ። ጋፋት ላይ የተሠራው በአውሮፓውያን ባለሙያዎች መሪነት ነበር። በአገሩ ቀጥቃጭ ጠፍቶ አልነበረም፤ ቀጥቃጩን ግን ቡዳ እያልን ከማዕድም ከጋብቻም አርቀነው ኖረናል። እኛም በልጅነታችን ወደ ቀጥቃጭ ቤት አትጠጉ ተብለን አድገናል። ማረሻችንን የሚያሾልልን፣ ማጭዳችንን የሚስልልን እሱ ሆኖ ሳለ!

በቁርኣናችን ውስጥ በብረት ስም የተሰየመ ሱራ አለ፤ አል-ሐዲድ። አላህ (ሱ.ወ) ብረትን ያለዘበላቸው ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ጥሩር በእጃቸው ይሠሩ ነበር። ታዲያ ነቢይ የሠራውን ሥራ የሚንቅ ሙስሊም ምን መልስ አለው?

ስለዚህ የቀጥቃጩ ልጅ ከልጆቻችን ጋር ይቅራ፣ ኮሌጅም ይግባ። አባቱ በእሳቱ ቀለም የሚለየውን፣ በመዶሻው ድምፅ የሚሰማውን የተማረው ልጃችን ጠይቆ ይጻፈው። በሎሃችን ላይ ፊደል የጻፍንበት ጥላሸት የእነሱንም እውቀት ለመጻፍ ይበቃል። አላህ ከንቀት ይጠብቀን፤ ጠቃሚውንም እውቀት ይለግሰን። አሚን።