ቅይጥ ፍልሚያ

ቅይጥ ፍልሚያ ቡጢንና እርግጫን፣ ጠልፎ መጣልን፣ መሬት ላይ ማነቅንና ክንድ መጠምዘዝን በአንድ ሕግ ሥር ያሰባሰበ ስፖርት ነው። ዩ.ኤፍ.ሲ. የተባለው የስፖርቱ አዘጋጅ ድርጅት የመጀመሪያው ውድድር ኅዳር 1986 ዓ.ም. በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ከተካሄደ ወዲህ ስፖርቱ በዓለም ተስፋፍቷል፤ በአማርኛ ግን "ድብልቅ ማርሻል አርት" ወይም "የተደባለቀ የጦር ጥበብ" እየተባለ ይጠራል። ሁለቱም አይበጁም።

"ማርሻል" ማርስ ከተባለው የሮማውያን የጦርነት አምላክ የመጣ ቃል መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም "የጦር ጥበብ" ሲባል አማርኛ ተናጋሪ የሚያስበው ምሽግንና የሠራዊት አሰላለፍን ነው እንጂ በባዶ እጁ የሚገጥምን ሰው አይደለም። "ድብልቅ" ደግሞ ለ"ድብልቅልቅ" ይቀርባል፤ ሕግ ያለውን ውድድር የመንደር ጠብ ያስመስለዋል። "ቅልቅል"ን ሠርግ ወስዶታል። የቀረው "ቅይጥ" ነው። ገብስና ስንዴ ሲቀየጡ እያንዳንዱ ፍሬ ተለይቶ እንደሚታይ ሁሉ፣ በዚህ ስፖርትም ቡጢው ቡጢ፣ ትግሉ ትግል እንደሆነ ይቀራል። ቃሉ ጉድለትን ያመለክታል የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን "ቅይጥ ኢኮኖሚ" በ1982 ዓ.ም. ከታወጀ ጀምሮ የክብር ቦታ አግኝቷል።

ወደ ሁለተኛው ቃል ስንመጣ፣ "ትግል" የራሱ ስፖርት አለው፤ "ግብግብ" ዳኛ አያውቅም። "ፍልሚያ" ግን ዘሩ ብዙ ነው፦ ተፋለመ፣ ተፋላሚ፣ መፋለሚያ። ስፖርቱ የሚፈልጋቸው ስሞች ሁሉ ከአንድ ግስ ይወጣሉ።

"ማርሻል አርት" ቃል በቃል አልተተረጎመም ብሎ መቆርቆር አያስፈልግም። ለምሳሌ የሐረር ጀጎል ግንብ ምሥራቃዊ በር በሐረሪ ቋንቋ አርጎ በሪ ይባላል። አማርኛ ይህን ስም አልተረጎመም፤ በሩ የሚያስወጣበትን የኤረርን አቅጣጫ አይቶ ኤረር በር አለው። ስያሜው ሙሉ ነው፤ ምንም አልጎደለውም።

አዲስ ተመልካች ሦስቱን የማሸነፊያ መንገዶች ከለየ ውድድሩን መከታተል ይችላል፤ አማርኛም ለሦስቱም የተዘጋጀ ነው። አንደኛው በዝረራ ነው፦ ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ በ2013 ዓ.ም. ስቲፔ ሚዮቺችን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኗል። ሁለተኛው እጅ በማሰጠት ነው፤ የተሸነፈው በመዳፉ ተጋጣሚውን ወይም ወለሉን መታ መታ ያደርጋል። "እጅ ሰጠ" የሚለው የቆየ አነጋገር እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ ከዚህ የተሻለ ስያሜ በየትኛውም ቋንቋ ማግኘት ያስቸግራል። ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ በዴንቨር በአንድ ምሽት ሦስት ተፋላሚዎችን ያሸነፈው እንዲህ ነበር። ሦስተኛው በነጥብ ነው። የማዕረግ ፍልሚያ አምስት ዙር፣ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዙር ሲሆን እያንዳንዱ ዙር አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ዙሩን ያሸነፈ 10፣ የተሸነፈ 9 ወይም ከዚያ በታች ያገኛል። ናይጄሪያዊው ካማሩ ኡስማን በ2011 ዓ.ም. ታይሮን ዉድሊን አሸንፎ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን የወሰደው በሦስቱ ዳኞች ነጥብ ነው።