ብጉርን በቤት ውስጥ ማከም፦ ኅብረተሰቡ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

ብጉር የቆዳ ቀዳዳዎች በወዝና በሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ሲደፈኑ፣ በውስጣቸውም ባክቴሪያ ሲራባ የሚከሰት የቆዳ ሕመም ነው። በጉርምስና ዕድሜ ቢበዛም በአዋቂዎች ላይም ይታያል። ከንጽሕና ጉድለት የሚመጣ ባለመሆኑ ፊትን ደጋግሞ መፈተግ ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ጭድ ተራና በአካባቢው የሚገበያይ ሰው ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ማርና የፊት ቅባት በአንድ ጉዞ ሸምቶ ሊመለስ ይችላል። ይሁን እንጂ ለምግብ የሚሆን ሁሉ ለፊት ቆዳ ይስማማል ማለት አይደለም። በተለይ በጠቆረ ቆዳ ላይ የሚደርስ ቃጠሎ ብጉሩ ከጠፋ በኋላም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

በቤት ውስጥ የተለመዱ ነገሮችና ጉዳታቸው

• ሎሚ፦ ከፍተኛ አሲድነት አለው። ተቀብተው ፀሐይ ላይ ሲወጡ ቆዳን ሊያቃጥልና ሊያጠቁር ይችላል።
• ነጭ ሽንኩርት፦ ተወቅጦ ፊት ላይ ሲቆይ ውኃ የቋጠረ ቁስል እስከማስከተል ይደርሳል።
• የጥርስ ሳሙናና ቤኪንግ ፓውደር፦ ቆዳን ያደርቃሉ፤ የተፈጥሮ መከላከያውንም ያዳክማሉ።
• ቅቤና ወፍራም የፀጉር ቅባት፦ ወደ ግንባር ሲወርዱ ቀዳዳዎችን በመድፈን አዲስ ብጉር ሊያስነሱ ይችላሉ።
• ማር፣ እርድና እሬት፦ ጉዳታቸው ከላይ ከተጠቀሱት ያነሰ ቢሆንም ብጉርን ለማዳናቸው በቂ ማስረጃ የለም። ከእሬት ቅጠል የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ደግሞ ቆዳን ሊያሳክክ ይችላል።

ከሁሉም በላይ አስጊ የሆኑት ይዘታቸው ያልተጻፈባቸው ወይም ከተለያዩ ቅባቶች ተደባልቀው የሚሸጡ የፊት ክሬሞች ናቸው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የመሰሉ ስቴሮይዶች የያዘ ክሬም ለጊዜው ፊትን ቢያጠራም፣ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፤ ብጉሩንም ያባብሳል። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል።

በቤት ውስጥ ማድረግ የሚቻለው

ፊትን በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፣ ብጉርን አለማፍረጥ እንዲሁም ከፋርማሲ ባለሙያ ጋር በመመካከር ከ2.5 እስከ 5 በመቶ የሆነ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ መጠቀም ይቻላል። መድኃኒቱ ጨርቅ ያነጣል። ውጤቱ የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ በመሆኑ ትዕግሥት ይጠይቃል። ነፍሰ ጡር እናቶች ማንኛውንም የብጉር መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት ባለሙያ ማማከር አለባቸው።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ብጉሩ ጠልቆ የሚያም እብጠት ከሆነ፣ ጠባሳ መተው ከጀመረ፣ በሁለት ወር ሕክምና ካልተሻለ፣ ወይም የተቀቡት ነገር ቃጠሎና እብጠት ካስከተለ ሳይዘገዩ መታከም ይገባል። ቃጠሎ ሲያጋጥም ቅባቱን ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብና ሌላ ነገር አለመደረብ ያስፈልጋል።

ተገልጋዮች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ባለሙያው ሲያምንበት የቆዳ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ወደሚገኘው አለርት ይላካሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን መያዝ ይኖርባቸዋል። የተጠቀሙበትን ቅባት ከነማሸጊያው ይዞ መቅረብም ለምርመራው ይረዳል።

አጠራጣሪ ክሬም ወይም መድኃኒት ሲሸጥ ያየ ማንኛውም ሰው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ መስጠት ይችላል።