ሴባስቶፖል ለምን ዘገየ?

ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ሊኑክስ ላይ ወዲያው የሚያልቅ ሥራ ዊንዶውስ ላይ ይንቀራፈፋል። ኮዱ ያው፣ ማሽኑም ያው። ጊትን ውሰዱ። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሠራው ሊኑክስን አስቦ ነው፤ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ደጋግሞ ያስነሣል፣ ብዙ ፋይሎችን አንድ በአንድ ይፈትሻል። ሊኑክስ ላይ አዲስ ፕሮሰስ ማስነሣት ርካሽ ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን ውድ ነው፤ ፋይል በተከፈተ ቁጥርም ጸረ ቫይረሱን ጨምሮ ስንት ኬላ አለ። አንዱ ኬላ ምንም አይደለም፤ አሥር ሺህ ጊዜ ሲሆን ነው ጉዱ።

ፕሮግራም ብቻውን አይሮጥም ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ሥርዓት ምኑን በርካሽ፣ ምኑን በውድ እንደሚሰጠው ማየት ያስፈልጋል። ይህን ሳስብ ሁሌ የሚመጣብኝ መቅደላ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። መድፉ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኗል፤ ስድስት ወር ገደማ ማለት ነው። ጄኔራል ናፒየር ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ዙላ ወረደ፤ ከእጥፍ በላይ የሚረዝም መንገድ አቋርጦ ሚያዝያ 3 አሮጌ ላይ ተዋጋ።

«ኋላ ቀርነት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። እርግጥ ጭነቱ እኩል አይደለም፤ ናፒየር መድፎቹን ከፋፍሎ በበቅሎና በ44 ዝሆኖች አስጭኗል፣ ሴባስቶፖል ግን አይከፋፈልም። ትልቁ ልዩነት ግን ከሥር ነው። ናፒየር ዙላ ላይ ወደብና የባቡር ሐዲድ አሠርቷል። እህሉንና ጫኙን በማሪያ ቴሬዛ ብር ይገዛል። የትግራዩ ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ መንገድ ለቀውለታል። ቴዎድሮስ በዚያን ጊዜ አገሩ ከድቷቸዋል፤ ሥልጣናቸው ከሰፈራቸው ብዙም አያልፍም። መንገድ እንኳ አልነበረም። ዓለት እያስፈነዱ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ጠረጉ። በእኛ ቋንቋ፣ ፕሮግራሙን እያስኬዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ይጽፉ ነበር።

የሚያንገበግበው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ የናፒየር ጦር ጅዳና በሽሎን የተሻገረው ያንኑ የቴዎድሮስን መንገድ ይዞ ነው። ንጉሡን ያዘገየው ድካም ጠላታቸውን አፈጠነው። ሚያዝያ 6 አምባው ተያዘ፤ ቴዎድሮስም ሽጉጣቸውን ጠጡ።

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምታዩት መድፍ ቅጂ ነው። ዋናው ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል። ማን ቀድሞ ደረሰ ብላችሁ ስትቆጥሩ፣ መንገዱን ማን እንደጠረገውም አብራችሁ ቁጠሩ።