የባልቲሞር ደጋፊዎችና የ1988ቱ ሃያ አንድ ሽንፈት

በሰሜን አሜሪካ የቤዝቦል ውድድር የሚከፈተው ብርዱ ተገፎ ዛፎች ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ፣ በማርች ማለቂያ ወይም በኤፕሪል መግቢያ ላይ ነው። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ እስከ ሴፕቴምበር ማብቂያ ድረስ እያንዳንዱ ቡድን 162 ጨዋታ እንዲያደርግ ይመደባል። አንዲት ጨዋታ ለማየት ሳምንት ሙሉ መጠበቅ ለለመደው የእኛ አገር የእግር ኳስ ተመልካች ይህ ቁጥር እንግዳ ነው። የቤዝቦል ተከታታይ ቡድኑን የሚያገኘው በየቀኑ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እጅግ ጎበዝ የሚባለው ቡድን 100 ጊዜ ቢያሸንፍ 62 ጊዜ ይሸነፋል፤ ደካማ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ 60 ያህል ድል አያጣም። በመሆኑም የኤፕሪል ውጤት ለአዋቂ ደጋፊ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። በሙያችን ቋንቋ ለመናገር፣ ኤፕሪል የኮንክሪት ኪዩብን በ7ኛው ቀን እንደ መስበር ያለ ነው፤ የ28ኛውን ቀን ጥንካሬ ይጠቁማል እንጂ አይተካውም። ይሁን እንጂ ይህን እያወቀ፣ ከሦስትና ከአራት ጨዋታ ተነሥቶ የዓመቱን ተስፋና ሥጋት የማይገነባ ደጋፊ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ከዚህ በታች የማወሳው የአንድ ኤፕሪል ታሪክ ነው፤ ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህ ጸሐፊ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ተከታታይ የሆነው ነገሩ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ የሚያቀርበው በራሱ ዓይን ያየውን ሳይሆን በመዝገብ የሰፈረውን ነው።

ነገሩን ለመረዳት የዚያ አካባቢ ሕዝብ ምን ይፈራ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የስፖርት ቡድን የባለሀብት ንብረት ነው፤ ባለቤቱ ሌላ ከተማ የተሻለ ስታዲየምና ውል ካቀረበለት ቡድኑን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ዋሽንግተን ይህ በ1971 ደርሶባታል። ሴናተርስ የተባለው ቡድኗ ወደ ቴክሳስ መዛወሩ ታውቆ በሴፕቴምበር 30 የመጨረሻ ጨዋታውን ሲያደርግ፣ ሊያሸንፍ ጥቂት ብቻ ቀርቶት ሳለ ተመልካቹ ሜዳውን ወረረ፤ ዳኞቹም ጨዋታውን ለተጋጣሚው ለኒው ዮርክ ያንኪስ ሰጡ። ዋና ከተማዋ እስከ 2005 ድረስ ያለ ቤዝቦል ቡድን ቆየች። በመሆኑም በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዓመታት ወደ ዋሽንግተን ለመጡት ወገኖቻችን በቅርብ የሚገኘው ቡድን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የባልቲሞሩ ነበር። ባልቲሞር ራሷም በማርች 1984 ተረኛ ሆነች። ኮልትስ የተባለው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኗ በሌሊት ዕቃውን በጭነት መኪናዎች አስጭኖ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄደ። ከንቲባው ዊሊያም ዶናልድ ሼፈር ነበሩ፤ ስማቸው ኋላ ይመለሳል። የቀረው ኦሪዮልስ ብቻ ሲሆን፣ ባለቤቱ ኤድዋርድ ቤኔት ዊሊያምስ ደግሞ የዋሽንግተን ጠበቃ ነበሩ። ቡድኑን ወደ ዋሽንግተን ይወስዱታል የሚለው ወሬ ቡድኑን በ1979 ከገዙበት ጊዜ ጀምሮ አልተቋረጠም።

የ1988 ውድድር በባልቲሞር ሜሞሪያል ስታዲየም ኤፕሪል 4 ቀን ተከፈተ። 52,395 ተመልካች ገባ፤ ኦሪዮልስም በሚልዋኪ 12 ለ 0 ተሸነፈ። ስድስት ጊዜ በተከታታይ እንደ ተሸነፈ፣ ኤፕሪል 12 ቀን አሰልጣኙ ካል ሪፕከን አባት ተሰናበቱ። በቡድኑ ውስጥ ሁለት ልጆቻቸው ካልና ቢሊ ይጫወቱ ስለ ነበር ስንብቱ ከቤተሰብ ሐዘን የማይለይ ሆነ። የሥራ ዘመናቸውን ሁሉ ለዚያ ድርጅት የሰጡ ሰው በስድስት ጨዋታ መመዘናቸው ለእኔ እስከ ዛሬ ድረስ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ የ7ኛ ቀኑን ኪዩብ እንኳ ሳይጠብቁ በ2ኛው ቀን ሰበሩት ማለት ነውና። ቦታውን የያዙት ፍራንክ ሮቢንሰን በ1966 በዚያው ቡድን በመቺነት ታላቅ ዝና ያተረፉ፣ በ1975 ደግሞ በክሊቭላንድ በከፍተኛው ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ የሆኑ ሰው ናቸው። ሽንፈቱ ግን ሰው አልለየም።

ከዚያ በፊት በውድድር መክፈቻ በተከታታይ የመሸነፍ ክብረ ወሰን 13 ነበር። በ1904 ዋሽንግተን፣ በ1920 ዲትሮይት የያዙት ነው። ኦሪዮልስ ይህን አልፎ ሄደ። አንድ የባልቲሞር ሬዲዮ አቅራቢ ቡድኑ እስኪያሸንፍ ድረስ ከአየር ላይ ላይወርድ ቃል ገብቶ ከ250 ሰዓት በላይ በስቱዲዮ ቆየ። ፕሬዚዳንት ሬገን ለሮቢንሰን ስልክ ደወሉ። ኤፕሪል 28 ቀን በሚኒሶታ 21ኛው ሽንፈት ተመዘገበ።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ባስገባ የሙያ ባልደረቦቼ አይከፉብኝም ብዬ አምናለሁ። ቡድኑ ከ21ዱ በኋላ ባደረጋቸው 140 ጨዋታዎች 54 አሸንፎ 86 ተሸንፏል፤ ይኸውም ከመቶ 61 ያህል ጊዜ የሚሸነፍ ቡድን ነበር። እንዲህ ያለ ቡድን፣ አንዱ ጨዋታ በሌላው ላይ ተጽዕኖ የለውም ብለን ብንነሣ፣ 21 ጊዜ አከታትሎ የመሸነፍ ዕድሉ ከ28 ሺሕ አንድ ገደማ ነው። እንግዲህ ቡድኑ ደካማ ነበር፤ ነገር ግን ድካሙ ብቻውን ይህን ውጤት አያብራራም። ወይ ክፉ አጋጣሚ ተደርቦበታል፤ ወይም መነሻ ግምታችን ትክክል አልነበረምና የትናንቱ ሽንፈት በዛሬው መቺ ክንድ ላይ ይከብድ ነበር። በበኩሌ ሁለተኛው ድርሻ እንዳለው አልጠራጠርም። ሸክም ተሸክሞ የሚሠራ ምሰሶ ቀድሞ ከደረሰበት ጫና የተነሣ እንደሚደክም እናውቃለንና።

ኤፕሪል 29 ቀን በቺካጎ ኦሪዮልስ ዋይት ሶክስን 9 ለ 0 አሸነፈ። ተደስተው ሳይጨርሱ በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት እንደገና ተሸነፉ። ሜይ 2 ቀን ወደ ባልቲሞር የተመለሰው ቡድን 1 አሸንፎ 23 የተሸነፈ ነው።

ለዚያ ምሽት «የድንቅ ደጋፊዎች ምሽት» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። 50,402 ሰው መጣ። በመክፈቻው ቀን፣ የደረጃ ሰንጠረዡ ባዶ በነበረበትና ሁሉም ቡድን እኩል ተስፋ በነበረው ሰዓት ከገባው ሕዝብ የጎደለው ሁለት ሺሕ ያህል ብቻ ነው። ተጋጣሚው የቴክሳስ ሬንጀርስ ነበር፤ ማለትም በ1971 ዋሽንግተንን ጥሎ የሄደው ያው ቡድን። ኦሪዮልስ 9 ለ 4 አሸነፈ። ከድሉ ይልቅ የሚታወሰው ግን በሜዳው ላይ የተነገረው ማስታወቂያ ነው። ኮልትስ ሲሄድ ከንቲባ የነበሩት ሼፈር አሁን የሜሪላንድ ገዥ ሆነው፣ ኦሪዮልስ በአዲስ ስታዲየም የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል መስማማቱን ለሕዝቡ አበሠሩ። ዊሊያምስ በካንሰር ሕመም ላይ ነበሩ፤ በኦገስት 1988 ዐረፉ።

ቡድኑን ያስቀረው የዚያ ምሽት ሕዝብ ነው የሚለው አነጋገር በደጋፊዎች ዘንድ የተለመደ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የግዛቱ ምክር ቤት ስታዲየሙ እንዲሠራ የፈቀደው በ1987 ነው፤ የውሉም ድርድር ከዚያ ምሽት አስቀድሞ ሲካሄድ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ማታ ጭብጨባ አይወሰንም። ሆኖም ማንኛውም የሕዝብ ሥራ የሚቆመው «ተጠቃሚው ይመጣል» በሚል ግምት ላይ ነው፤ ይህም ግምት ዘወትር የሚፈተነው በደህና ቀን ስለሆነ እምነት የሚጣልበት አይደለም። ባልቲሞር ግን ግምቷን በክፉ ቀን ለካችው። በዚያ ኤፕሪል ማንም መሐንዲስ ደፍሮ የማያዘው ፈተና ተደረገና 50 ሺሕ ሰው ቆሞ ተገኘ።

የ1988 ዓመት በ54 ድልና በ107 ሽንፈት ተፈጸመ። በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል 3 ቀን፣ ፕሬዚዳንት ቡሽና እንግዳቸው የግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ በተገኙበት ኦሪዮልስ ቦስተንን 5 ለ 4 አሸንፎ ጀመረ፤ 87 አሸንፎም ከምድቡ አንደኛ ከቶሮንቶ በሁለት ጨዋታ ብቻ ተበልጦ ጨረሰ።

ስታዲየሙ የተሠራው በመካከለኛው ከተማ፣ ካምደን ያርድስ በተባለው የቀድሞ የባቡር ጣቢያ ግቢ ነው። በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ዓመታት ይገነቡ ከነበሩት ክብ የኮንክሪት ስታዲየሞች ፈንታ ብረትና ጡብ ተመረጠ። 310 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና ወርዱ ግን 15 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነው የባቡር ኩባንያው አሮጌ የጡብ መጋዘንም ከመፍረስ ድኖ የሜዳው ግድግዳ ሆነ። ሜዳው ባረፈበት ስፍራ ቀድሞ የታላቁ ተጫዋች የቤብ ሩት አባት መሸታ ቤት ነበር። ኤፕሪል 6 ቀን 1992 የመጀመሪያው ጨዋታ ተደረገ፤ ኦሪዮልስ ክሊቭላንድን 2 ለ 0 አሸነፈ። ካል ሪፕከን ልጅ በዚያ ቀን በሜዳው ነበር፤ በ1988 ከነዚያ ከ21ዱ ጨዋታዎች ከአንዱም አልቀረም ነበር።