የባሕር ዳር ቤት ኩታበር ላይ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ አሰብ የሚወርደው የመኪና መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሠራው ነው። ከደሴና ከአካባቢዋ እንጀራ ፍለጋ የወረደው ሰው ወደብ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ መንገዱ ተዘጋ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም አሰብን ለቀው ወጡ። ሰው ሲመለስ ደግሞ የኖረበትን ቤት በዓይነ ኅሊናው ይዞ ነው የሚመለሰው። ታዲያ ከእነዚህ አንዱ ኩታበር ላይ ለቤተሰቡ የድሮ የባሕር ዳር ቤት ልሥራ ቢል ምን እንላለን? «ምን ነካህ!» ከማለታችን በፊት የቤቱን ታሪክ እንይ።

አሰብ ለዚህ ገና ልጅ ናት። ሩባቲኖ የተባለው የመርከብ ኩባንያ ቦታውን የገዛው በ1862 ዓ.ም. ሲሆን የጣሊያን መንግሥት የተረከበው በ1874 ዓ.ም. ነው። ጥንታዊውን ቤት የምናገኘው ምጽዋ ነው። ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1557 የያዟት ይህች ከተማ ቤቷን የሠራችው ከባሕሩ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ግንቡ ከባሕር ተቆርጦ የሚወጣ ኮራል የሚባል ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ሲቃጠልም ኖራ ይሆናል። ከፎቁ ወደ መንገድ የወጣው የእንጨት ፍርግርግ ጌጥ ብቻ አይምሰላችሁ። ነፋሱን ያስገባል፣ ፀሐዩን ይከለክላል፣ በውስጥ ያለችው ሴት መንገዱን እያየች መንገደኛው እንዳያያት ያደርጋል። ሌሊት ሙቀቱ ሲብስ ቤተሰቡ ሜዳ ከሆነው ጣሪያ ላይ አልጋ ዘርግቶ ያድራል። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹን የነሐሴ 1913 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሳቸው፤ የተረፉትንና ኋላ የተሠሩትን ደግሞ ከየካቲት 1982 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱና የአየር ድብደባው ጎዳቸው።

ከቀይ ባሕር ማዶና ከዳርቻው፣ በጂዳና በሱዋኪን፣ እንዲህ ያለው የኮራል ግንብ በየመካከሉ አግድም እንጨት ይገባበታል። ደካማውን ድንጋይ የሚያያይዘው ያ እንጨት ነው። ይህን ዘዴ ግን የወሎ ሰው ለመማር ባሕር መውረድ አያሻውም። ወደ ላስታ ወጥቶ በዛጉዌ ዘመን በዋሻ ውስጥ የታነጸውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ይመልከት፤ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ ሆኖ ተነባብሮ ቆሟል። ማን ከማን ወሰደ የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው። እኔን የሚያስደስተኝ ቆላና ደጋ እዚህ ላይ መገናኘታቸው ነው።

እንግዲህ ወደ ኩታበር እንመለስ። ከፍታው ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ ምጽዋ ላይ የሚለመነው ነፋስ እዚህ በር ተዘግቶ የሚሸሹት ነው። ስለዚህ ፍርግርጉን የወደደ ሰው ከኋላው መስተዋት ያግባበት። ኮራሉን ፍለጋ አይድከም፤ የአገሩ ድንጋይ ይበቃዋል። ከግንቡ መሐል የሚገባው እንጨት ጽድ ቢሆን ይመረጣል፣ ቶሎ አይበሰብስምና። ለጣሪያው ማገር ባሕር ዛፍ አለለት። (በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ስሙን ከዚያው ያገኘው ይህ ዛፍ ሳይቀር በደጋው ቤት ውስጥ ከገባ፣ የባሕር ዳር ቤት ለኩታበር እንግዳ ነው ማለት ይከብዳል።)

በረንዳው ያለ ክርክር ይሠራ። ምጽዋ ላይ ጥላ ፍለጋ ነው፤ ኩታበር ላይ ግን ፊቱን ወደ ምሥራቅ ይመለስና የጥቅምት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቅበት፣ ቡና የሚፈላበት ይሁን። ጣሪያው ለክረምቱ ዝናብ ዘቅዘቅ ብሎ ቆርቆሮ ይልበስ። ጣሪያ ላይ የሚዘረጋው አልጋ ብቻ እዚያው ምጽዋ ይቅር።