ሐውልቱ መጀመሪያ ወጣ፣ መጨረሻ ገባ

ሐዋሳ ላይ «ፒያሳ እንገናኝ» ስንባባል ጣልያን ትዝ የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከተማችን የተቆረቆረችው ጣልያን ከወጣ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ስሙን ያገኘነው ከአዲስ አበባዋ ፒያሳ መሆን አለበት።

የዚያችኛዋ ፒያሳ ታሪክ ግን ከበድ ይላል። ከምኒልክ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ፣ ጣልያኖች ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የገደሏቸው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል፤ ያውም በገዳዮቻቸው ቋንቋ በሚጠራ ሰፈር። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የባቡር መስመር መጣበት።

እኛ እዚህ በባጃጅ ስለምንሄድ ነገሩ ሩቅ ሊመስለን ይችላል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው፦ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ። በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 39 ጣቢያዎች አሉት። 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ ሲሆን አብዛኛውን ያበደረው የቻይናው ኤግዚም ባንክ ነው። ለግንባታው የተያዘው ጊዜ ሦስት ዓመት ብቻ!

ሦስት ዓመት የሚበቃው ሥራው በተርታ ሳይሆን ጎን ለጎን ከሄደ ነው። አንድ ቦታ ሲቆፈር ሌላ ቦታ ምሰሶ ይቆማል። ጎን ለጎን የማይሄድ ሥራ ግን አለ፦ የውሃ ቧንቧና የስልክ መስመር ካልተነሳ አይቆፈርም፣ ካልተቆፈረ ኮንክሪት አይሞላም፣ ሐዲድ ካልተነጠፈ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርግቶ ሙከራ አይደረግም። ከስታዲየም እስከ ልደታ ደግሞ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ሐዲድ ስለሚሄዱ፣ እዚያ የዘገየ ቀን ሁለቱንም ያዘገያል።

ፒያሳ ላይ ሐዲዱ ከመሬት በታች ይገባል። ቦታው ካልተለቀቀ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ሐውልቱ ተነስቶ ብሔራዊ ሙዚየም ገባ። ለመሐንዲሱ ይህ በመርሐ ግብሩ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፦ ቦታ ማስለቀቅ። ለከተማው ሰው ግን አባቱ ከቤት እንደወጡበት ያህል ነበር። ይመለሳል ተብሏል፤ ብዙዎች ግን አላመኑም። እኔ አልፈርድባቸውም፤ «ለጊዜው» ተብሎ የተነሳ ስንት ነገር ቀርቷል።

የቃሊቲው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ የአያቱ ጥቅምት 29 ተከተለ። ባቡሩ ሰው ጭኖ መመላለስ ከጀመረ ከወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት፣ አቡነ ጴጥሮስ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አሁን ባቡሩ የሚያልፈው ከመሬት በታች ነው፣ እሳቸው ከላይ ናቸው።